ጣና ዳር አገልግል ስንፈታ

ወገዳ ላደገ ልጅ ገደልና ተራራ ብርቁ አይደለም፤ ባሕርን ግን በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። እኔ ራሴ መድረሳ ሳለሁ ኡስታዛችን የነቢዩ ዩኑስን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሲነግሩን፣ ያን ታላቅ ዓሣ የማኖርበት ውሃ አጥቼ በክረምት የሚሞላውን የሰፈራችንን ወንዝ ነበር የማስበው። ልጆቼ እንደኔ እንዳይሆኑ በጥር 2012 ዓ.ም. በትምህርት ዕረፍት ይዣቸው በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ባሕር ዳር ወረድሁ።

ውድ አንባብያን፣ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም። ሆኖም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋ ውሃ ፊት ሲቆሙ «ሱብሐነላህ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይመጣም።

ከክረምት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን ኩሬዎች ትቶ ነበር። ልጆቹ በውስጣቸው ትናንሽ ዓሦችና ቀንድ አውጣ አይተው ልብሳቸውን ሊያወልቁ ሲሉ፣ ደንገል የሚያሰጡ አንድ አዛውንት «አትግቡ! ቢልሃርዚያ አለበት!» ብለው ጮኹ። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው እንደሚገባ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ዘንግቼው ነበር!

አዛውንቱ ከነገደ ወይጦ ናቸው። ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ የደንገል ታንኳ ሥራም የእነርሱ ነው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ እንደሚቆም ለልጆቹ አሳዩአቸው። እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን ከወረረ ወዲህ ዓሣ ማጥመድ እንደከበደም ነገሩን።

ዙህር ደረሰ። በጀሪካን ከያዝነው ውሃ ውዱእ አደረግን። ኢማም ይሁኑ ብላቸው እምቢ ብለው ከኋላዬ ቆሙ። አገልግሉ ሲፈታ ግን ተነሥተው ወደ ደንገላቸው ሄዱ።

ምክንያቱን አላጣሁትም። ድሮ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከእነርሱ ጋር አይበላም ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህንኑ ሰምቻለሁ። አደኑ ቀርቶም ወሬው አልቀረም። ለመጥራት አፌን ከፍቼ ዝም አልሁ።

«አባዬ፣ ቅድም አብረውን ሰግደው የለ?» አለ ትልቁ ልጄ።

ፊቴ ጋለ። ተነሥቼ ሄጄ «አባቴ፣ ይምጡ እንጂ፤ እንጀራው ይቀዘቅዛል» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ «ቢስሚላህ» ብለውም ከእኔ ፊት ቆረሱ።

«ወጡ በርበሬ በዝቶበታል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር።