ጫማውን በር ላይ የሚያወልቀው አስተማሪ

ጃፓን ውስጥ በአንዲት የገጠር ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት ፈረንጅ የሥራ ቀኑን የሚጀምረው ጫማውን በማውለቅ ነው። የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ የውጭ ጫማ ይቀመጣል፤ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይጠለቃል። ከዚያ መምህራን ክፍል ገብቶ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ክፍል ሲገባ ብቻውን አይገባም። የክፍሉ ባለቤት ጃፓናዊው መምህር ነው፤ ሰዋስው የሚያስረዳው፣ ፈተና የሚያወጣው፣ ማርክ የሚሰጠው እሱ ነው። ፈረንጁ ያነባል፣ ልጆቹ ይከተሉታል። ጨዋታ ያጫውታቸዋል፤ ስለ አገሩ ሲጠይቁት ይመልሳል። ምሳውንም ከተማሪዎቹ ጋር ይበላል፤ ምግቡን የሚያድሉት ሽርጥ ያደረጉ ልጆች ናቸው። ከዚያ ሁሉም መጥረጊያና ጨርቅ ይዞ ትምህርት ቤቱን ያጸዳል። ክፍለ ጊዜ በሌለው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የጃፓንን ፊደል ይቆጥራል። ማታ ሱቅ ሲወጣ ከሩቅ ያዩት ልጆች ስሙን ይጠሩታል።

ይህን ሥራ ያደራጀው መንግሥት ነው። ጄት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ከተጀመረ ወዲህ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሺህ ወጣቶች በዚህ መንገድ ጃፓን ገብተዋል። ውጤቱስ? ጃፓኖች ዛሬም በእንግሊዝኛቸው ይታማሉ፤ ራሳቸውም ያማሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ፈረንጅ ነገ ሻንጣውን ሸክፎ ቢሄድ የፊዚክስ ትምህርት አይቆምም። ፊዚክስ በጃፓንኛ ነው። ባዮሎጂም፣ ሒሳብም፣ ታሪክም በጃፓንኛ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ነው፤ የወደቀ በአንድ ትምህርት ይወድቃል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በሜጂ ዘመን ጃፓን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሊቃውንትን በከባድ ደመወዝ ቀጥራ ነበር፤ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ትምህርት የሚሰጠው በባዕድ ቋንቋ ነበር። ከዚያ ልጆቿን ውጭ ልካ አስተማረች፣ መጻሕፍት አስተረጎመች፣ ወንበሩን አንድ በአንድ ለራሷ ሰዎች አስረከበች። ላፍካዲዮ ኸርን የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1890 ማትሱዬ በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ገባ፤ የአገሩን ሴት አገባ፣ ኮይዙሚ ያኩሞ የሚል የጃፓን ስም ወጣለት፣ ሚስቱ የምትነግረውን የድሮ ተረት እየጻፈ ኖረ። በኋላ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1903 ግን ቦታው ከለንደን ለተመለሰው ናትሱሜ ሶሴኪ ተሰጠ። ተማሪዎቹ ቅር አላቸው፤ ፈረንጁን ይወዱት ነበር። መንግሥቱ ግን አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ ከመንዝና መርሐቤቴ ጋር የሚያያይዘው አንድ ሰው አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው፤ በ1870 ዓ.ም. ደን በተባለ ቦታ ተወለዱ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ዘመን ጃፓንን እንደ አርአያ የሚያዩ ምሁራን ብዙ ነበሩ፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም የተቀዳው ከሜጂው ነው። ሕጉ ተቀዳ። የፊዚክስ መጽሐፍን በራስ ቋንቋ የማሳተሙ ነገር ግን ሳይቀዳ ቀረ።

በምትኩ እኛ ዘንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነና አስተማሪ ከውጭ መጣ። ከሕንድ የመጡት ብዙ ናቸው። በ1955 የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ገቡ፤ የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ከ270 በላይ ነበር፣ መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው። በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ወሊሶ የደረሰው ፖል ሶንጋስ በኋላ ሴናተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል።

ኑሯቸው ከጃፓኑ ወጣት ጋር ይመሳሰላል፣ ይለያልም። ጭቃ ቤት ተከራይተው፣ በኩራዝ ደብተር አርመው፣ ዶሮ ወጥ በልተው ሆዳቸውን ታመው፣ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚል የሕፃን ሠራዊት እያጀባቸው ኖሩ። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ እየኖሩ፣ ውኃ እየቀዱና እየተላላኩ ይማሩ ነበር። እንግሊዝኛው የተለመደው ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ማታ ምድጃ ዳር፣ ገበያ መንገድ ላይ፣ ዋጋ ሲከራከሩ ነበር። ልጁ አስተማሪውን አማርኛ ያስተምራል፣ አስተማሪው ልጁን እንግሊዝኛ።

ሁሉም ማር አልነበረም። በ1960ዎቹ የተማሪው እንቅስቃሴ ሲፋፋም ሰላም ጓዶች የአሜሪካ መንግሥት ምልክት ሆነው ታዩ፤ ድንጋይ የተወረወረባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ በኋላ ዳግመኛ ቢከፈትም በጦርነትና በወረርሽኝ እየተቋረጠ ነው የኖረው። ዋናው ጥያቄ ግን ሲወጡ ምን ተረፈ የሚለው ነው። ቋንቋው ቀረ፤ ተናጋሪው ሄደ። ከጃፓን ተገላቢጦሽ ነው።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው አይረሳውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ፈረንጅ አስተማሪ እንደገና ተገኘ ማለት ነው፤ ጎረቤት የማይሆን፣ «አልገባኝም» ቢሉት የማይሰማ፣ «አሁን መልሱን ጻፉ» ብሎ እስክሪብቶ ሳይነሳ የሚቀጥል ፈረንጅ። የክፍሉ መምህር ቆሞ ያያል። መብራት ሲጠፋ ተማሪው የተገላገለ ያህል ይደሰት ነበር።

ከዚያ ትውልድ አንዱ ዛሬ ዘመሮ ላይ እንግሊዝኛ ያስተምራል እንበል። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንደሱ ያለ መምህር መሐል ሜዳም፣ ሞላሌም፣ ራቤልም፣ ዓለም ከተማም አለ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ደርቦ ይወጣል። ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ወርደው እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። እሱ ራሱ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ ተጫውቶ አያውቅም። መንዝን አክብሮ አማርኛ የተማረ ፈረንጅ ቢጠየቅ ዶናልድ ሌቪንን፣ «ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ»ን ይጠራ ይሆናል፤ ሰውየው ግን መንዝ የመጣው ሊማር እንጂ ሊያስተምር አልነበረም።

ይህ መምህር የተሸከመውን አስቡት። ልጆቹ ከታች ክፍል በአማርኛ ተምረው ይመጣሉ፤ ዘጠነኛ ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል። የጎረቤት ክፍሉ የባዮሎጂ መምህር ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፍና በአማርኛ ያስረዳል፤ ሌላ መንገድ የለውም፣ ተማሪው ይግባው ነው። ፈተናው ሲመጣ ግን አማርኛው የለም። ትነትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ «ኢቫፖሬሽን» ሲል ያልፈዋል። ከዚያ የእንግሊዝኛው መምህር ይወቀሳል፤ የፊዚክሱም፣ የኬሚስትሪውም፣ የታሪኩም ውድቀት በሱ ትከሻ ላይ ነው። ጃፓናዊው ባልደረባው ይህ ሸክም የለበትም፣ አጠገቡ ግን ፈረንጅ ይቀመጥለታል። የእኛው ሸክሙ አለበት፣ ሰውም የለውም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ውጤቱ በወጣ ቁጥር ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህር ብቃት፣ ስለ ልጆች ስንፍና ብዙ ይባላል፤ ሁሉም እውነት ይኖረዋል። ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ግን እምብዛም አይነሳም። በአማራ ክልል በተለይ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የተከፈተውም በጭንቀት ነው የሚማረው። ወራት የተቆረጠበት ልጅ መጀመሪያ የሚያጣው በየቀኑ መለማመድን የሚፈልገውን ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው ሲሄድ ሌላው ትምህርት ተከትሎት ይሄዳል።

ፈረንጅ ይምጣልን ማለት አይደለም። በዚህ ሰዓት ዘመሮ የሚመጣም የለም። ፈተናው ግን እንግሊዝኛው በአንድ በኩል፣ ልጁ በታች ክፍል የተማረበት ቋንቋ በሌላ በኩል ሆኖ ሊታተም ይችላል። በኦሮሚያ ኦሮምኛ፣ በሶማሌ ሶማሊኛ፣ መንዝ ላይ አማርኛ። «ቃላቱ የሉም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ባለሙያዎች የደከሙበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እኮ አለ፣ በየትምህርት ቤቱ ስንት ቅጂ እንዳለ ነው መጠየቅ ያለበት። «ዩኒቨርሲቲ ሲገቡስ?» የሚለው ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ጋ በእርግጥ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ዝግጅትም ይገባዋል። ግን ዛሬ በር ላይ የሚቀሩት ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ልጆች ያን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድልም አላገኙም።