አሥር ሰው፣ አንድ ስም

ጃኖ ባንድን የማይወዱ ሰዎች ሁሌም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ሮክ የኛ አይደለም።» ከአጎቴ ሰምቼዋለሁ፣ ከቢሮ ልጆች ሰምቼዋለሁ፣ «እኔ ጃዝ ብቻ ነው የምሰማው» ከሚል ጓደኛዬም ሰምቼዋለሁ። የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው። ጃዝስ መቼ ነው የኛ የሆነው?

መልሱ ይታወቃል። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ የኛ አደረጉት። ግን እንዴት እንዳደረጉት ብዙ ሰው አያነሳም፤ በላቲን ሙዚቃ በኩል ዞረው ነው። ጋሽ ሙላቱ ከጅማ ተነስተው ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ኢንጂነሪንግ ሊማሩ ነበር። ሙዚቃ በለጠባቸውና ለንደን ውስጥ ሙዚቃ ተማሩ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገቡ። (እኔ ኢንጂነሪንጉን ጨርሻለሁ፤ ማን የተሻለ እንደመረጠ ግልጽ ነው።) ቀጥሎ ኒውዮርክ ላይ አብዛኞቹ ፖርቶሪካውያን የሆኑ ሙዚቀኞችን ሰብስበው ቡድኑን «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች አወጡ። ኮንጋው የካሪቢያን ነው፣ ቫይብራፎኑ የአሜሪካ ነው፣ ቅኝቱ የኛ ነው። የአገራችን የጦር ዘፈን በስፓኒሽ ተዘፍኖ እዚያ ውስጥ አለ። ይኼን ሁሉ ዛሬ «ኢትዮ ጃዝ» ብለን ለእንግዳ እናስተዋውቃለን፤ ማንም ኮንጋውን ፓስፖርት አይጠይቀውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1969 እ.ኤ.አ.፣ ሜክሲኮ የተወለደው ካርሎስ ሳንታና ከባንዱ ጋር ዉድስቶክ መድረክ ላይ ወጣ። የሮክ ጊታር ከፊት፣ ኮንጋና ቲምባሌስ ከጎን። በዓመቱ «አብራክሳስ» የተባለው አልበም ሲወጣ የቲቶ ፑዌንቴን የዳንስ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ሠርተው ለዓለም ሸጡት። ያኔም «ይኼ ሮክ ነው ወይስ ላቲን?» የሚል ክርክር የነበረ ይመስለኛል፤ የሚጨፍረው ሰው ግን አልጠበቀም።

ስለ ጃኖ ለማውራት ለምን ይኼን ያህል ዞርኩ? አንድ ሰው ስላለ ነው፦ ቢል ላስዌል። ይኼ አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋችና ፕሮዲዩሰር እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋስማትሮን» ፕሮዲዩስ አድርጓል። በ2001 ደግሞ በአንድ በኩል የሳንታናን የ1970ዎቹ ቅጂዎች እንደ አዲስ ቀላቅሎ አልበም አወጣ፣ በሌላ በኩል የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» ሠራ። ከአሥር ዓመት በኋላ አሥር ወጣት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ አልበማቸውን ይዘው የደረሱት እሱ ጋ ነው። ሄቪ ሜታሉንም፣ የላቲን ሮኩንም፣ የጎጃሙንም ድምፅ በእጁ የነካ ሰው ጋ። «ኤርታሌ» በ2012 ወጣ። ስሙ አፋር ውስጥ ካለው፣ አፉ ላይ ቅላጭ አለት ከሚፈላው እሳተ ገሞራ ነው። የባንዱ ስም ደግሞ ጥለቱ ቀይ የሆነው የመኳንንት ልብስ። ስምንት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከፊት አራት ድምፃውያን፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሄዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ።

እኔ ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልክ ስፒከር ነበር የምንሰማው፣ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ከትተን። ሮክ እንዲህ መሰማት የለበትም፤ ቢሆንም ገባን።

አሁን አትላስ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቻለሁ። አምስት ሆነን የጀመርነው ባንድም የሚለማመደው እዚያው ነው። አንድ ቀን ጊታሩ በዲስቶርሽን እየጮኸ የቤቱ ባለቤት እማማ በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ቴፑ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም እማማ። እንዲህ ነው የሚጫወቱት።»

«ሆን ብለው?»

«አዎ፣ ሆን ብለው።»

«እግዚኦ» ብለው ሄዱ።

ነገሩን በኢንጂነር አፍ ላስረዳ ብል ኖሮ እንዲህ እል ነበር። አምፕሊፋየር የሚችለው መጠን አለው። ከዚያ በላይ ስትገፋው የድምፁ ሞገድ አናቱና ግርጌው ይቆረጣል። የተቆረጠው ሞገድ ውስጥ መጀመሪያ ያልነበሩ፣ ከዋናው ድምፅ በላይ የተደረደሩ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ። ያ ነው ጩኸቱ። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ይኼ ጉድለት ነው፣ ፈተና ላይም «እንዴት ይወገዳል?» ተብሎ ነው የሚመጣው። ሮክ ማለት ጉድለቱን ወደው የያዙ ሰዎች ሙዚቃ ነው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ከእማማ ሬዲዮ የበገና ድምፅ ግቢውን ሞልቶት ይውል ነበር። እኔ ኮድ እየጻፍኩ በመስኮት እሰማለሁ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ነው ነገሩ የታየኝ፦ በገና ይነዝራል። ዝም ብሎ የጅማት ድምፅ አይደለም፤ ዝዝዝ የሚል ነገር አብሮት ይሄዳል። ምክንያቱም አለው። በእያንዳንዱ ጅማትና ጅማቱ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይመለሳል። ደርዳሪው እንዚራውን ወደዚህና ወደዚያ እያንፏቀቀ ንዝረቱ የሚያምርበትን ቦታ ይፈልጋል። ቆዳው ቢወጣ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን በገና መሆኑ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ከመኖሩ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት እኛ ቤት ድምፅን ሆን ብሎ የሚያሻክር ዕቃ ነበር፤ ያውም ለጸሎት። ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም። በጾም በገናን ከሞተርሄድ ጋር ማነጻጸር ኪራይ ሊያስጨምር ይችላል።

ከቅኝቶቻችን ደግሞ አንቺሆዬን ተመልከቱ። ብዙ የሰርግ ዘፈን የሚዘፈንበት ነው። ከመነሻው ኖታ ስትቆጥሩ አራተኛው ላይ የምታገኙት ርቀት ፈረንጆቹ ትራይቶን የሚሉት ነው። ብላክ ሳባዝ በ1970 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲከፍቱ አድማጩን ያስፈሩት በዚሁ ርቀት ነው፤ ሄቪ ሜታል ከዚያ ተወለደ የሚሉ ብዙ ናቸው። እነሱ ሰይጣን የሳሉበትን እኛ ሙሽራ እንሸኝበታለን። ስለዚህ አንድ ልጅ ጊታሩን በዲስቶርሽን አድርጎ አንቺሆዬ ሲመታ ከውጭ ያመጣው ነገር ሶኬቱና ገመዱ ነው።

ጃኖዎች ይኼን አውቀው ነው የሠሩት ባይ ነኝ። አልበሙ ላይ ጊታሩ ዜማውን አይሸፍነውም፤ ከሥሩ ሆኖ ይገፋዋል። አራቱ ድምፆች ሲቀባበሉ የሮክ ኮንሰርት ብቻ አይደለም፣ ተቀባይና አውጪ ያለበት የሰፈር ጨዋታም ነው። ድክመት የለውም አልልም። አንዳንዱ ዘፈን ላይ አሥሩም ሰው መሰማት ስላለበት ብቻ የገባ ነገር ይሰማኛል። ግን ድንበሩን የነካ ሥራ ነው።

የቸገረው ሌላው ነው፤ ሙዚቃው ሳይሆን ቁጥሩ።

እዚህ አገር ባንድ ማለት ከኋላ የሚቆም ነው። ካሴቱ ላይ ፎቶው የሚወጣው ድምፃዊው ነው፣ ባንዱ በትንሽ ጽሑፍ «አጃቢ» ይባላል። ሮሃም ዳህላክም እንዲህ ኖረዋል። ዋልያስ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቸ በለው»ን ያለ ድምፃዊ፣ በራሳቸው ስም ሲያወጡ ትልቅ ድፍረት ነበር። እነሱም በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፣ ኪቦርዱን ግን በመኪናው ይዘውት ይዞሩ ነበር። የዋልያስ ታሪክ እዚያ ላይ ተከፈለ።

ጃኖ ይኼን ልማድ ነው የገለበጠው፦ ድምፃዊውም የባንዱ አባል ነው እንጂ ባንዱ የድምፃዊው አይደለም። ያምራል። ሒሳቡ ግን ይጨክናል። እንበል ለአንድ ምሽት 100 ሺህ ብር ተከፈለ። አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቢሆኑ ሃምሳ ሃምሳ ነው። አሥር ሲሆኑ አሥር አሥር፣ ያውም ትራንስፖርትና ሳውንድ ሲስተም ሳይነሳ። ደግሞ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቀመር አለች፦ አምስት ሰው መካከል አሥር የሁለትዮሽ ግንኙነት አለ፣ አሥር ሰው መካከል አርባ አምስት። አርባ አምስት ኩርፊያ የሚነሳበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከመጀመሪያው ጋር ያለው ርቀት ለእኔ ስንፍና አይመስለኝም፤ በዚያ መሐል የባንዱ ስም መኖሩ ራሱ ሥራ ነው። ከአራቱ ድምፃውያን በየራሳቸው ስም ሥራ ያወጡም አሉ፣ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም።

የሳንታና ባንድም እኮ ከሦስተኛው አልበም በኋላ ተበትኗል። ግሬግ ሮሊና ኒል ሾን ወጥተው ጆርኒን መሠረቱ። ሳንታና ግን አልጠፋም፤ በ1999 በወጣው አልበም 8 ግራሚ ወስዷል። ምክንያቱም ስሙ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሰው ቢቀየር ስሙ ከጊታሩ ጋር ይቀራል። ጃኖ የማንም ስም አይደለም። ጋቢ ወይም ኩታ እንደማለት ነው፣ የለበሱት ሰዎች ካልተሰበሰቡ ባዶ ነው።

የኛ ከበሮ መቺ ባለፈው መስከረም ካናዳ ሄደ። ቦሌ ሸኘነው፣ ስቲኮቹን ለቤዝ ተጫዋቻችን ሰጠው። አሁን ከበሮውን ላፕቶፕ ነው የሚመታው፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችክችካውን ለማስገባት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም ሰው ሲመታው ሦስተኛዋን ምት ትንሽ ያዘገያታል፣ ያቺን መዘግየት በቁጥር መጻፍ ደግሞ መከራ ነው። አሁንም ልክ አልመጣም።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ሰው ዘፈናችንን ሰምቶ ወዶታል። ሙሉ ወጪውን ችሎ ሊያወጣው ይፈልጋል፣ ነገር ግን በድምፃዊታችን ስም ብቻ እንዲሆን። «ባንድ አይሸጥም» አለን፣ በትሕትና ነው ያለው። ጊታር ተጫዋቹ «ትውሰደው፣ ዕድሏን አንዝጋ» ይላል። ቤዙ አኩርፏል። እኔ የባንዱ ስም ከስሟ ቀጥሎ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ ብዬ ለሰውየው ኢሜይል ልኬያለሁ፤ እስካሁን አልመለሰም። ሐሙስ እንደተለመደው እንለማመዳለን፣ እሷም እመጣለሁ ብላለች። ምን እንደምትወስን ግን ገና አልነገረችንም።