ፀሐይ የሚያውቅ ቤት

ቤት የሰው ልጅ ሁለተኛ ልብሱ ነው። ከአየሩ ጋር ያልተስማማ ልብስ ለባሹን ለብርድ አሳልፎ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ሳይታሰብበት የተሠራ ቤትም ነዋሪውን ያንገላታል።

እናቴ በአንድ የታኅሣሥ ወር ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አዲስ አበባ፣ እኔ ዘንድ መጥታ ብርድ አማረራት። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ቆፈኗ ከአዲስ አበባ የሚያይል ከተማ ናትና። «ልጄ፣ ቤትህ ፀሐይ አያውቅም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የተከራየሁት ቤት ግድግዳው ስስ ብሎኬት፣ መስኮቶቹ ወደ ሰሜን የዞሩ፣ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮ ደግሞ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ነው። የእናቴ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ይወፍራል። ድንጋይና ጭቃ በቀን የጠጡትን ሙቀት ሰዓታት ዘግይተው፣ ሰው ጋቢውን በሚከናነብበት ጊዜ ይመልሳሉ፤ የሣር ክዳኑም ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል።

የፀሐይ መንገድም ሊጤን ይገባዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲከፋ፣ የቀትር ፀሐይ በ57 ዲግሪ ከፍታ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ መስኮት ላይ ግማሽ ሜትር የወጣ ክፈፍ ያን ጊዜ የሚጥለው ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ሙቀት በሚበረታበት በመጋቢት ግን ጥላው ከ2 ሜትር በላይ ወርዶ መስኮቱን ይጋርዳል። ቆላው በአንጻሩ ጥላና ነፋስ ይሻል፤ አፋሩ ቤቱን በሰሌን የሚሸፍነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። እናቴ ማንደጃ ይግባልኝ ባለች ሌሊት በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ትንፋሿን እያዳመጥሁ ነቅቼ አደርሁ። በሳምንቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት ገመድ የምትዘረጋ ወገኔ ሆይ፣ በታኅሣሥ ቀትር ከቦታህ ላይ ቆመህ ጥላህን ተመልከት፤ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሽማግሌዎችና ሕፃናት የሚያድሩበትን ክፍል በተቃራኒው በኩል ሥራላቸው።