አራተኛው ቆዳ

ዓባይን ከዳር ቆሞ ማመስገን ለእኛ ለቅኔ ቤት ሰዎች ቀላል ነው፤ ግዮን እያልን፥ ከገነት የወጣ እያልን ስንት ቅኔ ቈጥረናል። በሆዱ ውስጥ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1925 ጀምሮ በዳንግላችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ ሲመረምር የተጓዘው በበቅሎና በእግር፥ ገደል ለገደል ነበር። ጀልባ የያዙት በኋላ መጡ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን 60 የሚያህሉ ሰዎችን መርቶ ወረደ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ በጎማ ጀልባ ከዐለቱ ጋር ታገሉ፤ የሽፍታ ጥይት ተተኰሰባቸው፤ አንዱ ወታደርም ከገባሮቹ ወንዞች አንዱን ሲሻገር ሰጠመ። በ1996 ዓ.ም. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከሰከላ ተነሥተው ከአራት ወር ጉዞ በኋላ እስክንድርያ ደረሱ።

እኔ ይህን ሁሉ ባነበብሁ ጊዜ የማስበው ስለ ፏፏቴው አይደለም፤ ጠፍሩን ማን አሠረው? እላለሁ። ምክንያቱን ልናገር።

የ18 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ውሃው ባነሰበት በግንቦት፥ ከሁለት የቅኔ ቤት ባልንጀሮቼ ጋር ከእንጅባራ ተነሥተን በቡሬ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ለእንጅባራ ብርድ የለበስነው ደበሎ በዚያ እንደ ምጣድ አቃጠለን። እስከሚቀጥለው መሻገሪያ በውሃ እንሂድ ብለን፥ የበረሃው ሰዎች እንዳሳዩን አራት የፍየል ቆዳ ነፍተን አፋቸውን በጠፍር አሠርን፤ በላያቸውም እንጨት ረበረብን። ሦስቱን ባልንጀሮቼ አሠሩ፤ አራተኛው የእኔ ድርሻ ነበረ። እጄ በጠፍሩ ላይ ሳለ ልቤ ጉባኤ ቃና ይቈጥር ነበርና፥ ሁለተኛውን ዙር ሳልደግም ተውሁት።

ጥቂት በሰላም ተጓዝን። ገደሉ በግራና በቀኝ ከፍ እያለ ሄደ፤ ሰማዩ እንደ መቀነት ጠበበ። በአሸዋው ላይ አዞ ተኝቶ ባየን ጊዜ ሦስታችንም ጸሎት ጀመርን። (ከመካከላችን ዋና የሚያውቅ አንድ ብቻ እንደ ነበረ መናገር ያሳፍረኛል።) ወንዙ ከሚታጠፍበት ስንደርስ በእኔ በኩል ያለው ቆዳ ፉጨት አሰምቶ ሟሸሸ፤ ርብራቡም ተገለበጠ። ዋናተኛው ባልንጀራችን በአንድ እጁ ታናሻችንን ይዞ ነበር፤ በሁለተኛው እጁ አኮፋዳውን። አኮፋዳውን ለቀቀና እኔን ያዘ።

በአኮፋዳው ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ የጻፈው የመምህራችን ቅኔ ነበረ። መምህራችንም በዚያው ክረምት ዐረፉ።

እርሱ ዛሬ ራሱ መምህር ነው። በዝክር ላይ ስንገናኝ፥ «የእኔ ደብተር ግብፅ ወርዶ ቅኔ ያስተምራል» እያለ ያስቀናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ ግድብ ምረቃ በሆነ ጊዜም፥ «እንግዲህ የሌላ ተማሪ ደብተር አያመልጥም» ብሎ ሁሉን አሳቀ። እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ሳቅሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እግሬ ከበደኝ። ያ ቆዳ ለምን ተነፈሰ ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን ገጽ ሳያነብ እንደማያድር ዐውቃለሁ። ወንድሜ ሆይ፥ አራተኛውን ቆዳ ያሠርሁት እኔ ነኝ።