ባዶ መደርደሪያ፣ የሞላ መዝገብ

እናቴ በምሳሌ ካልሆነ መናገር አይሆንላትም ነበር። ዕድሜዋ ሲገፋ ድምፅዋን ለአንድ ሰዓት ያህል ቀዳሁ፤ ካረፈች በኋላም ቅጂውንና በየደብተሩ የጫርሁትን አንድ ላይ ላኖር አሰብሁ። የነበረኝ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው አሱስ ኢ ፒሲ 701 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ የማከማቻው ስፋት 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ሦስቱን ለሊኑክስ ሰጥቼ አንዱን ለእናቴ ቃል ለየሁ። አንዱንም ምሳሌ በአንድ ፋይል ልጽፍ ወሰንሁ።

ማከማቻ አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት የፋይል ሥርዓት ሊዘረጋለት ይገባል። ይህም መዝገብ ቤት ከማደራጀት ብዙ አይለይም። ዶሴው የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ፤ ዶሴው የማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተጻፈና በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ የሚያመለክት ባሕር መዝገብም አለ። ኤክስት 4 በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል በዚህ መዝገብ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ረድፉም 256 ባይት ይወስዳል። የረድፎቹ ቁጥር የሚወሰነው ሥርዓቱ በሚዘረጋበት ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማከማቻው ራሱ ካልሰፋ በቀር አይጨመርም።

በተለመደው አሠራር ለየ16,384 ባይቱ አንድ ረድፍ ስለሚመደብ፣ ለ1 ጊጋባይት 65,536 ረድፍ ይደርሰዋል፤ ይህም 16 ሜጋባይት ይበላል። እኔ ቆጣቢ ነኝ ባይ፣ «ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍ ይህን ሁሉ ለባዶ መዝገብ?» ብዬ ለየ1 ሜጋባይቱ አንድ ረድፍ ብቻ እንዲሰጥ አዘዝሁ። 1,024 ረድፍ ሆነ። ስለ መደርደሪያው ግን በሚገባ አስልቼ ነበር፤ በዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ሠላሳ ፊደል ያለው ምሳሌ 90 ባይት ብቻ ቢሆንም 4,096 ባይት የሚይዝ አንድ ሙሉ መደርደሪያ እንደሚያዝለት አውቃለሁ።

ሥራው ለወራት ያለ እንከን ሄደ። ከሺሁ ጥቂት እንዳለፍሁ ማሽኑ «ቦታ የለም» አለኝ። አመንሁት። ከፋይሎቹ ሁሉ ትልቁን ብፈልግ የእናቴ ድምፅ ሆነ፤ ወደ 30 ሜጋባይት ይጠጋል። «ቃሉን እንደሆነ ጽፌዋለሁ» ብዬ ደመሰስሁት። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ከዚያም አንድ ምሳሌ ጻፍሁ፤ ተቀበለኝ። ሁለተኛውን ስጽፍ እንደገና «ቦታ የለም» አለ።

ያን ጊዜ ነው መጠየቅ የጀመርሁት። ከማከማቻው ከ800 ሜጋባይት በላይ ባዶ ነበር፤ የሞላው መዝገቡ ነው። የእናቴ ድምፅ ሲጠፋ ከ7,000 የሚበልጥ መደርደሪያ ተለቀቀ፤ ከመዝገቡ ግን የተለቀቀው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር።

ምሳሌዎቹን ወደ ሌላ ማከማቻ ገልብጬ ሥርዓቱን በተለመደው ቁጥር እንደገና ዘረጋሁት። ዛሬ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ከምሳሌዎቹ በአንደኛው ውስጥ «ገና» የሚል ቃል አለ፤ እናቴ አጥብቃ በዓሉን ትበል ወይም አላልታ ጊዜውን፣ ከጽሑፉ ልለይ አልቻልሁም።