አንድ ሊትር ቤንዚን በዓባይ በረሃ

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ደጀን ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ጎሐ ጽዮንም ደጋ ነው። በሁለቱ መካከል የዓባይ በረሃ አለ። መንገዱ ከደጀን ተነሥቶ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ከፍታው 1000 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ይጀምራል። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ከደጀን የተነሣ መንገደኛ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ይይዘዋል።

ይህን መንገድ እግረኛውም ባለ መኪናውም ያውቀዋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው በሞተር ሳይክል ስለሚሄድበት ሰው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን እዚህ መንገድ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? ይህን ለማወቅ መቀነስና ማካፈል የቻለ ሰው ይበቃል።

ነገሩን ያነሡት ከደጀን ወጣ ብሎ ባለው ጣቢያችን የሚማሩ አንድ አባት ናቸው። ሁለት በሬና የዓመት ጤፋቸውን ሸጠው ለልጃቸው ሞተር ገዝተዋል። ልጁ ከደጀን ሰው ጭኖ ጎሐ ጽዮን ያደርሳል፣ ከዚያም ሌላ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩን የሸጠላቸው ነጋዴ «በአንድ ሊትር 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሏቸዋል። ስለዚህ 2 ሊትር ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል ብለው የ2 ሊትር ሒሳብ ይሰጡታል። ልጁ ግን ሁልጊዜ ሲመለስ ሽቅቡ መሃል ላይ «አለቀብኝ» ይላል። እዚያው ቆሞ በሃይላንድ ከሚሸጡት በውድ ይገዛል። ከቦታው አጠገብ ደግሞ ጠላ ቤት አለ።

«ልጆቼ» አሉን አባትየው፣ «ወይ ሞተሩ ይጠጣል፣ ወይ ልጄ ይጠጣል። አንዱን ንገሩኝ።»

«አባባ፣ እኛ ከምንነግርዎ እርስዎ ራስዎ ቢለኩትስ?» አልናቸው። ማካፈልን ከተማሩ ገና አንድ ወራቸው ነበር።

አለካኩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ወደ ጎን ዘመም ካለ ቤንዚኑም ይዘማል፣ ልኩም ይሳሳታል። ታንኩን እስከ አንገቱ ድረስ መሙላትና የሞላበትን ቦታ ልብ ማለት ነው። ቀጥሎ ከመሪው ዘንድ ያለውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ማንበብና ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ ይኬዳል። ሲመለሱ ደግሞ በዚያው ማደያ፣ በዚያው ቦታ፣ ሞተሩን እንደዚያው አቁሞ እስከዚያችው ምልክት ድረስ እንደገና መሙላት ነው። አሁን የገባው ቤንዚን በመንገድ ላይ ያለቀው ነው። ማደያው ሲቀዳ ቁጥሩ ከዜሮ መነሣቱን ማየት አትርሱ። ብሩን ብቻ ሳይሆን ሊትሩንም አንብቡ። ለዚህ ነው ቁጥር የተማርነው።

በመጀመሪያው ቀን ወደ በረሃው አልወረድንም። አባትየው ከልጃቸው ኋላ ተቀምጠው፣ እኛም በተዋስነው ሞተር ተከትለን በደጋው በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። መንገዱ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል እንጂ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ደርሰን ተመለስን። ስንነሣ ቆጣሪው 18246 ነበር። ስንመለስ 18386 ሆነ። አባትየው ቀነሱት፤ 140 ኪሎ ሜትር። ታንኩን ለመሙላት 3 ሊትር ተኩል ገባ። 140ን ለ3 ተኩል ማካፈል ሲሆን እርሳሳቸው ቆመ። ተኩሉ ነው ያስቸገራቸው። «ሁለቱንም እጥፍ ያድርጉዋቸው» አልናቸው። 280 ለ7 ሆነ። 40 ወጣ። ስለዚህ በደጋው ላይ፣ ሁለት ሰው ጭኖ፣ ይህ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነጋዴው ያለው 50 አልሆነም። ነጋዴ ሲናገር ሞተሩን ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ሜዳ ላይ የሚሄድ አድርጎ ነው።

«በ40ም ቢሆን እኮ 2 ሊትር 80 ኪሎ ሜትር ያደርሳል!» አሉ አባትየው። ልጃቸውን ዘወር ብለው አዩት። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ።

በሁለተኛው ቀን በረሃውን ወረድን። በረሃው ውስጥ ማደያ ስለሌለ ቤንዚን በጀሪካን፣ ከላምባ ሻጭ የተዋስናትን ሩብ ሊትር የምትይዝ የቆርቆሮ መለኪያ ደግሞ በእጃችን ይዘን ነው። ቁልቁለቱ ጥሩ መማሪያ ነው፤ ዓይኑን የከፈተ ሰው የምድርን ሆድ ዕቃ ያያል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው። ወረድ ሲሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከታች ወንዙ አጠገብ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ዓባይ ይህን ሁሉ ቆርጦ ነው የወረደው። መሬቱ በየቦታው ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ይሆናል። በደጀን በኩል ኩራር፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ፍልቅልቅ የሚባሉ መንደሮች አሉ። ከባድ መኪናዎች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ሽቅብ ሲወጡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ቤንዚን የጫነ ቦቴም ያልፋል። ታንኩ ባዶ ለሆነበት ባለ ሞተር ያን ጊዜ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው በእርሱ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ድልድዩ ላይ ደረስን። አሁን መኪና የሚሄድበት ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። አሮጌው ድልድይ ከአጠገቡ ይታያል። ድልድዩን አልፈን ሞተሩን ከጥላ ሥር አቆምነውና እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መቅዳት እሳት መጥራት ነው። ከዚያ አባትየው በመለኪያዋ ቀዱ። አንድ መለኪያ ገባ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ታንኩ ሞልቶ ነበር።

«ሩብ ሊትር ብቻ?» አሉ።

አዎ፤ 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ሩብ ሊትር ብቻ በላ። ሩብ ሊትር 20 ካስኬደ አንድ ሊትር 80 ያስኬዳል። አባትየው አሁን በልጃቸው ላይ ባሰባቸው። እኛ ግን ሽቅቡን እንጠብቅ አልን።

ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውም 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ወጣ። ሁለት ሰውና ራሱን ሞተሩን 1400 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ መሸከም ነው ሥራው። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋቢው ተመልሶ ተለበሰ። አባትየው መቅዳት ጀመሩ። አንድ መለኪያ። ሁለት። ሦስት። አራት። አራተኛው ላይ ሞላ። አራት ሩብ አንድ ሊትር ነው። 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ አንድ ሙሉ ሊትር በላ።

አባትየው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ማንም ሳይረዳቸው ጻፉ። ቁልቁል ሩብ። ሽቅብ አንድ። መልስ ቁልቁል ሩብ። ድምር አንድ ሊትር ተኩል። ከሁለት ሊትር ሲቀነስ ግማሽ ሊትር ይቀራል። የሚቀረው መንገድ ግን ወደ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። ግማሽ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ የሚያልቀው ሽቅቡ መሃል ላይ ነው። ልጁ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ!

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «ጠላ ቤቱስ?» አሉት በመጨረሻ ልጃቸውን።

«ጠላ ቤቷማ» አለ ልጁ፣ «የሁላችንም ቤንዚን እዚያ እንደሚያልቅ አይታ ነው የተከፈተችው!»

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የ3 ሊትር ነው የሚሰጡት። ሥራው የሚጠይቀው 2 ሊትር ተኩል ነው፤ ግማሹ መጠባበቂያ ነው። በመንገድ ላይ በሃይላንድ ሲገዙ የነበረው ቀርቷል። በነገራችን ላይ የሃይላንዱ ነገር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ላይ «1 ሊትር» ተብሎ ቢጻፍም ሻጩ እስከ አንገቱ አይሞላውም። ሁለተኛ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ፀሐይ ላይ መቀመጥም አደጋ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ቤንዚን አተርፋለሁ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ አለ። የሚያተርፈው ከአንዲት መለኪያ አይበልጥም። ማርሽ ካልያዘው ግን ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል አይዝም። በዓባይ ገደል ላይ ፍሬን አልይዝ ማለት ምን እንደሆነ ለደጀን ሰው አንነግርም።

አባትየው አሁን በየሳምንቱ ይለካሉ። ደብተራቸው ላይ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር የሚሉ ሦስት መስመሮች አሥምረዋል። አንድ ሳምንት በደጋው መንገድ 40 የነበረው 34 ሆኖ ወረደባቸው። ልጁን አልጠረጠሩም። ሞተሩን በመሃል እግሩ አቁመው የኋላ ጎማውን በእጃቸው አዞሩት። አልዞር አለ። ፍሬኑ ተጣብቆ እየተጎተተ ኖሯል። ፍሬኑ ሲላላ፣ የጎማው ነፋስ ሲሞላ ቁጥሩ ወደ 40 ተመለሰ። የአየር ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈንም፣ ሰንሰለት ሲደርቅም፣ ጭነት ሲበዛም እንዲሁ ቁጥሩ ይወርዳል።

በቅርቡ ልጁ ሰው አድርሶ እስከ ፍቼ እንዲሄድ ተጠየቀ። አባትና ልጅ አብረው ሒሳቡን ሠሩ። በረሃውን ለመሻገር አንድ ሊትር ከሩብ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ፍቼ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ደጋ ነው፤ በ40 ሲካፈል 2 ሊትር አይሞላም፣ ግን 2 ይባል። ድምሩ 3 ሊትር ከሩብ። ልጁ ለመጠባበቂያ አንድ ሊትር ጨምሮ 4 ከሩብ እንቅዳ አለ። «የዚያ ማደያ ቤንዚን ጨርሶ ቢያገኝህስ? በምን ትመለሳለህ?» አሉት አባትየው። መልሱም ሌላ 3 ሊትር ከሩብ ነው። ሁለቱ 6 ሊትር ተኩል ይሆናል። ከመጠባበቂያው ጋር 7 ሊትር ተኩል። ታንኩ 10 ሊትር ይይዛል። 7 ተኩሉን ከደጀን ቀድቶ ሄደ።