ውኃ የሚመጣው በሌሊት ነበር

ጦር ኃይሎች ቆማችሁ ረዳቱ «አየር ጤና፣ አየር ጤና!» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙን ብቻ የሚሰማ እንግዳ ንጹሕ አየር ያለበት ሰፈር ይመስለዋል። እኔ የማውቀው አየር ጤና የታክሲ ጭስ፣ በጅማ መንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጩኸትና በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውኃው ነው።

ያደግኩበት ግቢ አራት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። ውኃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፣ ያውም በሌሊት። እኛ ሮቶ ነበረን። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ በላከችው ብር የተገዛ ነው። እኔ ተኝቼ ሮቶው ይሞላል። ጎረቤቴና ጓደኛዬ ግን ጄሪካን ደርድራ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ቧንቧው «ፉ» እስኪል ትጠብቃለች። ሲነጋ ደግሞ እናቷ የጋገሩትን እንጀራ ለየሱቁ አድርሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።

ሒሳብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሲሚንቶው ላይ በከሰል እየጻፈች። እኔ የግል ትምህርት ቤት፣ እሷ የመንግሥት። ግን ያልገባኝን ይዤ የምሄደው ወደ እሷ ነበር።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለታችንም አሥረኛ ክፍል ነበርን። ለኔ መልመጃው በቴሌግራም ይላክልኝ ነበር። ስልኩንም የላከችው አክስቴ ናት። ለእሷ የተባለው «በቴሌቪዥን ተከታተሉ» ነው። ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ደግሞ በሽታውን ፈርታ ሰው እንዳይገባ ከልክላለች። እኔም «እሷ እንኳ ትግባ» አላልኩም።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጠ። ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲነገር አገር ደነገጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔ በጥቂት ነጥብ አለፍኩ። እሷ ወደቀች።

የዚያን ቀን እኛ ቤት ቡና ተፈላ። ጎረቤቶች እናቴን «ያንቺማ ልጅ ጎበዝ ነው! ያቺ ልጅ ግን ምን ነካት?» አሏት። አንዷ «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ሙገሳው ሞቅ አድርጎኝ፣ «እሷ እኮ አላጠናችም» አልኩ። ቀና ስል ፈንዲሻ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሰሃኑን አስቀምጣ፣ «እንኳን ደስ አለህ» ብላኝ ወጣች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሲ. ራይት ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውን መጽሐፍ አገኘሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ ሥራ ያጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የዚያን ሰው ጠባይና ችሎታ እንመርምር፤ ሚሊዮኖች ሥራ ካጡ ግን መመርመር ያለበት ሥርዓቱ ነው። እኔም ቡናው ትዝ አለኝ። ከ100 ተፈታኝ 97 ያህሉ ሲወድቅ፣ 97ቱም ሰነፍ ነው? 97ቱም የአርባ ቀን ዕድሉ ጠማማ ነው?

ሌላው ጥያቄ ግን ከዚህ ይበልጥ ከበደኝ። የእሷ መውደቅ የእሷ ብቻ ካልሆነ፣ የኔ ማለፍስ የኔ ብቻ ነው? ውስጡ የአክስቴ ጉልበት አለ፣ ሮቶው አለ፣ የተኛሁት እንቅልፍ አለ።

ባለፈው ፋሲካ ይህንን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። አሁን ቀን ከእናቷ ጋር እንጀራ ትሠራለች፣ ማታ አካውንቲንግ ትማራለች። ሳቀች። «ኧረ ሁሉንም በውኃ አታሳብብ! እንግሊዝኛ ድሮም አልወድም ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «መውደቄ አይደለም ያመመኝ። አንተ ስትነቃ ስተኛ አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ሮቶ እንዲኖረን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ ፈተናውንም እኔ አላወጣሁትም። «አላጠናችም» ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንን የማላክክበት ሥርዓት የለም።

እናንተም «ጎበዝ» ስትባሉ አመስግኑ፤ ለፍታችሁበታልና። ግን የዚያን ሌሊት ቧንቧው ጋ ማን ነቅቶ እንደነበር አትርሱ።